ጂፒው ለጨጓራ ሕመም ወደ ስፔሻሊስት የሚልከው መቼ ነው?

ውድ እህቴ፣ እናትዎ ጨጓራቸውን ሲያማቸው ከርሞ ጂፒያቸው (የቤተሰብ ሐኪማቸው) ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን የማየት ምርመራ፣ ሳያዝላቸው መቅረቱ ምን ያህል እንዳስጨነቀዎ ከጽሑፍዎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ሰው ገንዘቡን ይዞ በቀጥታ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ መግባት ስለሚችል፣ እዚህ እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የጂፒው ፈቃድ መጠየቁ ለብዙዎቻችን መከልከል ሆኖ ይሰማናል። በሕክምና አስተርጓሚነት ስለምሠራ ውሳኔው በምን ላይ እንደሚመሠረት በቅርብ አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ንቀት አይደለም።

ጂፒዎች የሚከተሉት ናይስ የተባለው ተቋም የሚያወጣውን መመሪያ ነው። ምግብ ሲውጡ የሚይዛቸው ወይም አልወርድ የሚላቸው ከሆነ፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን፣ በአስቸኳይ ኢንዶስኮፒ እንዲታዘዝላቸው ይላል። ዕድሜያቸው 55 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ክብደታቸው ከቀነሰና ከዚያ ጋር የላይኛው ሆድ ሕመም ወይም ቃር ካለባቸውም እንዲሁ ነው። ደም ካስመለሳቸው ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የጂፒ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ወይም 999 መደወል ይገባል።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ፣ ጂፒው ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ያስመረምራል፣ አለዚያም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ለ4 ሳምንት ያህል ያዛል። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ በመሆኑ፣ እናትዎ ያደጉት ኢትዮጵያ መሆኑን ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል። ምርመራው ትክክለኛ ውጤት እንዲሰጥ ደግሞ ኦሜፕራዞል ከ2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ከ4 ሳምንት በፊት መቆም አለበት። ዘመድ ከአገር ቤት ያመጣላቸውን መድኃኒት እየዋጡ ለሐኪሙ ሳይናገሩ የሚመረመሩ ሰዎች ስላሉ፣ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን እናቶቻችን በሐኪም ፊት የሚሉትና የማይሉት ነው። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ይጀምራሉ፤ መክሳታቸው ከተነሣም «ጾሙ ነው» ይላሉ። ሐኪሙ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሰማውን ይመዘግባል፤ ያልሰማውን ምልክት ከመመሪያው ጋር ሊያመዛዝነው አይችልም። ስለዚህ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከፋሲካ በኋላም ክብደታቸው ሳይመለስ እንደ ቀረ፣ ቀሚሳቸው እንደ ሰፋቸው፣ ምን ሲበሉ እንደሚብስባቸው አስቀድማችሁ በወረቀት ያዙ። ቀጠሮ ስትይዙም አስተርጓሚ ይመደብልን በሉ፤ ክፍያ የለውም። ብዙ እናቶች በወንድ ልጃቸው ፊት ስለ ሰገራቸው መናገር ያፍራሉና ልጅ ባያስተረጉም ይሻላል።

መድኃኒቱ ካልረዳቸው መመለስ መብታቸው ነው፣ እንደ ጭቅጭቅም አይቆጠርም። ከመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንግሊዝ ያሉ ጂፒዎች፣ አንድ ሰው በተመሳሳይ ሕመም 3 ጊዜ መጥቶ ምክንያቱ ካልታወቀ ወይም ሕመሙ ከባሰበት፣ ጉዳዩን እንደ አዲስ እንዲያዩት ተጠይቀዋል። ያኔም ሪፈር ካልተጻፈ፣ ምክንያቱ በመዝገባቸው ላይ እንዲሰፍር በትሕትና ይጠይቁ። ጂፒው በሽተኛውን ሳይልክ በጽሑፍ ስፔሻሊስት የሚያማክርበት አሠራርም ስላለ፣ ይህ ተደርጎ እንደ ሆነ ማወቅ ጥሩ ነው።

ሪፈሩ በካንሰር ጥርጣሬ ከተጻፈ፣ በ28 ቀናት ውስጥ ካንሰር መሆኑ ወይም አለመሆኑ ሊነገራቸው ይገባል። በሌላ ምክንያት ከሆነ፣ ሕክምና እስኪጀመር የተቀመጠው ገደብ 18 ሳምንት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል፤ ሆስፒታል የመምረጥ መብት ስላላቸው ወረፋው አጠር ያለበትን ጠይቁ። ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው በማይታይ ስልክ ስለሚደውሉ፣ እናትዎ እንዲህ ያለ ጥሪ የማያነሱ ከሆነ የእርስዎን ስልክ ቁጥር በጂፒው መዝገብ ላይ ያስመዝግቡ።