ታይላንድ ገጠር የቀን ሠራተኛ የምታሠሩ፣ እንዴት ነው የምትይዟቸው? ሁለተኛው ቀን ላይ ይጠፉብኛል

ኡዶን ካሳቫ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኡዶን ታኒ ገጠር ነው። ባለቤቴ የመንደሩ ልጅ ናት፣ መሬቱም በእሷ ስም ነው፤ ለውጭ ዜጋ እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ። ወደ 18 ራይ ይሆናል፣ ሦስት ሄክታር ቢጠጋ ነው። ግማሹ ሩዝ፣ ግማሹ ካሳቫ።

ችግሬ ሠራተኛ ነው። እዚህ የቀን ሥራ 300 ባት ከነምሳው ነው። እኔ ሰው በደንብ እንዲሠራልኝ ብዬ 400 አደረግኩት። የመጀመሪያ ቀን ስምንት ሰው መጣ፣ ጥሩ ሠሩ፣ ማታውኑ ከፈልኩ። በማግስቱ ሦስት ሰው። ከዚያ ወዲያ አንዲት እናት ብቻ። ማንም ቀድሞ «አልመጣም» አይልም፣ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፈገግ ብለው ሰላም ይሉኛል፣ ጠዋት ግን የሉም። ካሳቫዬን አረም ዋጠው። ክፍያውን ሥራው ሲያልቅ ላድርገው? ወይስ በቁርጥ ልስጥ? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

የኮራት ምራት
ወንድሜ፣ ክፍያውን ወደ መጨረሻ እንዳትወስደው። ያቺ 300 ባት እኮ የዛሬ ማታ እራትና የልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ሳንቲም ናት። አንዴ «ነገ እከፍላለሁ» ካልክ መንደሩ በሙሉ ይሰማል፣ ለዓመታትም አይረሳም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በእጅ፣ የተዘረዘረ ብር ይዘህ። ማታ 1000 ባት ኖት አውጥቶ «ለሦስት ተካፈሉ» የሚል አሠሪ አይወደድም።

400 ያልከው ደግሞ ራሱ ችግር ነው ባይ ነኝ። ጎረቤትህ በ300 የሚያሠራው ወጪው ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው። አንተ ስትጨምር እሱ ሰው ያጣል፣ አማትህ ጋ ሄዶ ያማርራል፣ ሠራተኞቹም በሁለታችሁ መሃል ተጣብቀው ከመወቀስ መቅረቱን ይመርጣሉ። ፊት ለፊት እምቢ ማለት እዚህ ነውር ነው፣ ስለዚህ ዝም ብለው ይቀራሉ። የመንደሩን ዋጋ ክፈል፣ ትርፉን በምግብና በሌላ ነገር አሳይ።

ምግቡን ቀላል ነገር አታድርገው። ካው ኒያው (የሚጣበቀው ሩዝ) በቅርጫት ሙሉ፣ ሶም ታም (የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ) ከነፕላ ራው (የተብላላ ዓሣ)፣ የተጠበሰ ዓሣ። ከሁሉም በላይ በረዶ! ፒካፑ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ በረዶና ውኃ ሞልቶ፣ ኩባያው በገመድ ጆሮው ላይ ታስሮ ካላዩ ቀኑ አይጀመርም። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጉልበት ሲደክም ለእያንዳንዱ አንድ ኤም-150 (የኃይል መጠጥ) ስጥ፣ ያቺ ጠርሙስ የመጨረሻዋን ሰዓት ታተርፍልሃለች። ላው ካው (የሩዝ አረቄ) ግን ሥራ ካላለቀ በፍጹም። በቀትር አንድ መለኪያ የቀመሰ ሰው ከሰዓት ወደ ማሳው አይመለስም፣ ማጭድ ይዞ ከተመለሰ ደግሞ ይባስ።

ሌላው፣ ማን ነው የሚጠራቸው? አንተ ከሆንክ ተወው። በየመንደሩ ሰው የምታሰባስብ አንዲት እናት አለች። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ወገብ እንደታመመ ታውቃለች። ለእሷ ትንሽ ጨምርላት፣ ስምንቱንም ይዛ ትመጣለች። እስከ መጨረሻው ብቻዋን የመጣችልህ ሴትዮ ምናልባት እሷው ናት፣ ጠይቃት።

ሸንኮራው
በቁርጥ ስለማሠራት ልጨምር። ሥራው የሚቆጠር ከሆነ ቁርጥ፣ የማይቆጠር ከሆነ ቀን። እዚህ ሸንኮራ አገዳ የሚቆረጠው በእስር ተቆጥሮ ነው፣ ካሳቫ ሲነቀል በቶን ይከፈላል፣ የሩዝ ችግኝ ተከላ በራይ መነጋገር ይቻላል። አረም ግን በቁርጥ ከሰጠህ አናቱን መልጠው ሥሩን ይተዉልሃል፣ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ አረሙን በቀን አሠራ፣ ነቀላውን በቶን።

የጎማ ዛፍ ያላቸው ደግሞ ደመወዝም አይከፍሉም። ገቢውን ዛፉን እየጫረ ፈሳሹን ከሚያወጣው ሠራተኛ ጋር 60 ለ40 ወይም እኩል ይካፈላሉ። ሰውዬው ሌሊት ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ ነው የሚሠራው፣ ዝናብ ከጣለ ሥራ የለም፣ የሁለቱም ገቢ ይቀራል። ድርሻ ስላለው ዛፉን አይጎዳም፣ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ።

የማልወደውን ልንገርህ፦ ቅድሚያ ብር። የአገዳ ደላሎች ወቅቱ ሳይደርስ ለቆራጮች ያበድራሉ፣ ከዚያ ሰውየው በዕዳ ታስሮ ይቆርጣል። ያልተቃጠለውን አገዳ መቁረጥ በጣም ስለሚያዘገይ ዕዳው ቶሎ እንዲያልቅ ማሳው ይለኮስና እንዲቆረጥ ይፈልጋል፣ ጭሱን ደግሞ ሁላችንም እንተነፍሳለን። ሠራተኛ እንዳይጠፋብህ ብለህ በብድር አታስረው። መጥቶም በልቡ አይሠራልህም።

ከቤርሳቤህ
እኔ ታይላንድ አልኖርኩም፣ እስራኤል ደቡብ ውስጥ ግሪንሃውስ ላይ ከኢሳን (ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ) ልጆች ጋር ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ወደ 30,000 የሚሆኑ ታይላንዳውያን እዚህ እርሻ ላይ ነበሩ፣ ብዙዎቹ ከአንተ አካባቢ የመጡ። ቃሪያ ሲለቅሙ እጃቸው አይታይም። ይህን የምልህ መንደርህ ውስጥ ጠንካራው ጉልበት ለምን እንደሌለ እንድታየው ነው። ልጆቹ እዚህ፣ ኮሪያ፣ ታይዋን፣ ቾንቡሪና ራዮንግ ፋብሪካ ውስጥ ናቸው። ማሳህ ላይ የሚመጡት አባትና እናቶቻቸው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳና ስድሳ። የሃያ ዓመት ልጅ ሥራ አትጠብቅባቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምረው፣ በሙቀቱ ሰዓት ይረፉ፣ ከ9 በኋላ ይመለሱ። እንደዚያ ካደረግክ በቀን የሚሠሩት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አብሮ የሠራ ሰው ፊት አትቆጣ። ስህተት ካየህ ለብቻ፣ በቀስታ፣ ቢቻል በባለቤትህ በኩል። እነዚያ ልጆች አሠሪ ሲጮህባቸው መልስ አይሰጡም ነበር፣ በማግስቱ ግን ሻንጣቸውን ይዘው ሌላ ሞሻቭ (የገበሬዎች መንደር) ይሄዳሉ።

ሰላም በኢሳን
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሳም። ለወንድ 350፣ ለሴት 300 የሚከፍል ብዙ ነው፣ «ወንዱ ከባድ ይሸከማል» እየተባለ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ችግኝ የምትተክለው ማን ሆነችና? እኩል ክፈሉ። የ2025ቱ ዝቅተኛ ደመወዝ እንደ ክፍለ ሀገሩ ከ337 እስከ 400 ባት ነበር፣ ግን ለወቅታዊ የእርሻ ሥራ ሕጉ ብዙም አይደርስላቸውም፣ ስለዚህ ነገሩ የሚያርፈው በአሠሪው ኅሊና ላይ ነው። «የመንደሩ ዋጋ» ሲባል ማን እንደተመነውም ጠይቁ።

አረሙን በመድኃኒት ላጥፋ ካልክ፣ ፓራኳት የሚባለው አረም ማጥፊያ ከ2020 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ አሮጌ ጀሪካን አለኝ የሚልህን አትስማ። ለሚረጨው ሰው ጭንብልና ጓንት ራስህ ግዛ፣ ከሌላው ጨምረህ ክፈለው።

ኡዶን ካሳቫ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴን ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት። ለካስ ያን ሳምንት በመንደሩ ጫፍ ለቅሶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ እዚያ ያበስላሉ፣ ወንዶቹ ድንኳንና ወንበር ያመላልሳሉ። እኔን «ያውቃል» ብለው ነው፣ የነገረኝ የለም። አማቴ ሄዳ ነበር፣ እኔ ማሳ ላይ ሰው ስጠብቅ። የዋጋው ነገርም እውነት ነው፣ አንድ ጎረቤት ተቀይሟል። ብቻዋን የመጣችው እናት ደግሞ የኮራት ምራት እንዳለችው ሰብሳቢዋ ራሷ ናት።

አንድ ልጠይቅ፣ እኔ ራሴ አብሬያቸው ባርምስ? ይወዱኛል መሰለኝ።

የኮራት ምራት
መውደዱን ይወዱሃል፣ ሕጉ ግን አይፈቅድልህም። ያለ ሥራ ፈቃድ የሚስትህም መሬት ቢሆን ጉልበት ሥራ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ችግር ውስጥ ይገባል፣ የተቀየመ ጎረቤት ባለበት መንደር ደግሞ አይመከርም። መጀመሪያ ለቅሶ ቤቱ ሂድ፣ ፖስታ ውስጥ እንደ አቅምህ አድርገህ ለቤተሰቡ ስጥ፣ ትንሽም ቁጭ በል። ከዚያ ሰብሳቢዋን በ300 አነጋግራት፣ የሩዝ ተከላው ሳይጀመር። ከተጀመረ በኋላ ሁሉም የራሱ ማሳ ላይ ነው፣ 500 ብትልም ሰው አታገኝም።