ጥቆማ፦ ለክርን ጅማት ሕመም ፊዚዮቴራፒ ያሽላል ወይስ ያባብሳል?

ጥያቄ፦ ልብስ ሲጨምቁ፣ ጀበና ወይም አክምባሎ ሲያነሡ ክርን ላይ በውጪ በኩል ለሚወጋ ሕመም ምን ትጠቁማላችሁ? ፊዚዮቴራፒ፣ ወጌሻ፣ መርፌ ወይስ ማሰሪያ? «ቴራፒው አባሰብኝ» የሚልም አለ።

መልስ፦ የሚሻለውም የሚብስበትም ሰው አለ፤ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚጠራው ሕክምና የተለያየ ነው። አልትራሳውንድ ወይም የሚነዝር ማሽን አስሮ ሃያ ደቂቃ አቆይቶ የሚሸኝ አለ። ያ ለዕለቱ ያስታግሣል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም። ክብደት አስይዞ የሚያሠራና የቤት ሥራ የሚሰጥ ደግሞ አለ፤ ብራችሁን ለዚህኛው አውጡ። በመጀመሪያው ቀን የመጨበጥ አቅማችሁን ከደህናው እጅ ጋር ካላነጻጸረ፣ አንገታችሁን ካላየ፣ ሥራችሁን ካልጠየቀ ሌላ ፈልጉ።

ቤት የሚሠራው ይኸው ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉ፤ ግማሽ ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፣ እጃችሁ ከጠርዙ ይውጣ፣ መዳፉ ወደ ታች ይዙር። በደህናው እጅ እያገዛችሁ አንጓውን ወደ ላይ አንሡ፤ ከዚያ ደህናውን ልቀቁና በ4 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ይህ ከከበደ አንጓውን ሳታንቀሳቅሱ 30 ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ 5 ጊዜ።

ሲሠሩ ሕመሙ ከ10 ነጥብ እስከ 4 ቢደርስም አያስፈራም። የሚታየው የማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ከወትሮው ከባሰ ክብደቱ በዝቷልና ቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለል ሲለው በአንዴ ወደ አንድ ሊትር ሲዘል ነው። ክብደቱ እጥፍ ሆነ፣ በዚያ ላይ ጠርሙሱ ወፍራም ስለሆነ መጨበጡ ራሱ ጅማቱን ይጎትታል። በጨርቅ ከረጢት አሸዋ ወይም ስኳር እየጨመሩ ሩብ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ መሄድ ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ ወጌሻ ለወለምታ ይሆን ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን የሚያመውን ነጥብ አጥንቱ ላይ አጥብቆ ማሸት የተቆጣውን ጅማት የባሰ ያስቆጣዋል። የኮርቲዞን መርፌ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ተአምር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት መድኃኒቱን ከተወጉት 54 በመቶው ላይ ሕመሙ አገርሽቷል፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ግን 12 በመቶው ላይ ብቻ። እውነቱን ለመናገር በዚያው ጥናት ፊዚዮቴራፒ የሠሩና ያልሠሩ ዓመት ሲሞላቸው ብዙም አልተለያዩም፤ ጥቅሙ የታየው መርፌ ባልወሰዱት ላይ፣ በ4ኛው ሳምንት ነበር። እንግዲህ አቅም ለሌለው ሰው የሚያሳምመውን ሥራ ቀንሶ መታገሥም አማራጭ ነው።

ጭማሪ፦ ማሰሪያ ስትገዙ ሙሉ ክርኑን የሚሸፍነውን ሳይሆን ጠባቡን ቀበቶ ምረጡ። የሚታሰረው አጥንቱ ላይ አይደለም፤ ከአጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ እጅ ወረድ ብሎ፣ ጡንቻው ላይ ነው። ሥራ ላይ ብቻ፤ ሲተኙ ይፈታ። ጣት ከደነዘዘ ጠብቋል።

የመንግሥት ለምትፈልጉ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና አለርት የፊዚዮቴራፒ ክፍል አላቸው፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ። በሰሜን በኩል ላላችሁ ባለሙያ የሚያሠለጥነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ።

ትንሿ ጣት የምትደነዝዝ ከሆነ ጉዳዩ የነርቭ ሊሆን ስለሚችል ከላይ ያለውን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ሕመሙ የጀመረው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ስትወስዱ ከሆነም እንዲሁ፤ ያ መድኃኒት ጅማት እንደሚጎዳ ይታወቃል፣ በዚያ ሰሞን ክብደት አይነሣም።