የተቸገሩ ተማሪዎችን ሳናሳፍር እንዴት እንርዳ?

ጠመኔ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባል ነኝ። ለ40 ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ ገንዘብ ተገኝቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ለመጀመርም አስበናል። ልጆቹን በምን እንምረጥ? እንዴትስ እናድል? በሰልፍ ሰዓት ስም ጠርቶ መስጠቱ ደስ አላለንም።

የክፍል ኃላፊ
ሰልፉን እርሱት፣ ፎቶም አታንሱ። «አመልክቱ» ብላችሁ ማስታወቂያ ከለጠፋችሁ ቀድሞ የሚደርሰው መንገዱን የሚያውቅ ወላጅ ነው። የቀበሌ ማስረጃም አትጠይቁ፤ ሰው ቤት እየሠራ ለሚማር ልጅ ማን ሄዶ ያወጣለታል?

ስም የሚሰጡት የክፍል ኃላፊዎች ይሁኑ። አንዱን ደብተር ከፊትም ከኋላም ገልብጦ ሁለት ትምህርት የሚጽፍበት፣ በገበያ ቀን የሚቀር፣ በምሳ ሰዓት ብቻውን የሚርቅ ልጅ ከመምህር አይሰወርም። ሁለት መምህራን ለየብቻ ጽፈው ዝርዝሩን ያስተያዩ፤ አድልዎ ካለ እዚያ ላይ ይታያል።

ለአንድ ልጅ አንድ ደርዘን ባለ 50 ሉክ ብትሉ 480 ደብተር ነው። ሁሉንም መስከረም ላይ አትስጡ። ስምንት ስምንት ሰጥታችሁ የቀረውን 160 ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አቆዩት፤ ደብተር የሚያልቀው ያኔ ነው። የዩኒፎርሙ ጨርቅ ከሌላው ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ረከሰ ብላችሁ ትንሽ ፈካ ያለ ሰማያዊ ከገዛችሁ፣ ተረጂው ከግቢው በር ጀምሮ ይታወቃል። እጅጌውና የሱሪው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ልጅ ያድጋል። ርክክቡ ደግሞ ወላጅ ሁሉ ለምዝገባ በሚመጣበት ሰሞን፣ በቢሮ ውስጥ ይሁን።

ፊደል ቆጣሪ
የቅዳሜው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ቅዳሜ ሊስትሮ የሚሠራ፣ ጉልት ላይ እናቱን የሚያግዝ ልጅ አይመጣም። የሚመጣው ቤቱ አስጠኚ ያለው ነው፤ እንዲህ ከሆነ ልዩነቱን አሰፋችሁት ማለት ነው። ፈረቃ ካላችሁ ከፈረቃው በፊት ወይም በኋላ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሻላል። ክፍል ከጠፋ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዛፍ ጥላ ይበቃል።

በክፍል ደረጃ አትመድቧቸው። 60 ቃል ያህል ያለው ቀላል ምንባብ ለእያንዳንዱ በአንድ ደቂቃ አስነብቡና ፊደል የሚለይ፣ ቃል የሚያነብ፣ ምንባብ የሚጨርስ ብላችሁ ክፈሉ። አምስተኛ ክፍል ሆኖ ቃል ላይ የሚቆም ስታገኙ አትደንግጡ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ጉድለቱ 12ኛ ክፍል ላይ የተፈጠረ አይመስለኝም።

እቴ
ሴቶቹን ረሳችኋቸው። በወር ሦስት አራት ቀን የምትቀር ልጅ ካለች የቀሪ መዝገቡን አገላብጡ፤ ቀኖቹ ይደጋገማሉ። ሞዴስ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሳይሆን ከአንዲት መምህርት ዘንድ ይቀመጥ። እየታጠበ የሚለበሰው ርካሽ ቢሆንም ውኃና ማስጫ ከሌለ አይሆንም። መቀርቀሪያ ያለው በርና አንድ ባልዲ ውኃ ይቅደም።

መዋጮውንም እዩት። ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ነፃ ነው፤ «መዋጮ ካልከፈልክ አትመዘገብም» የሚባል ከሆነ ግን ደብተር የምትሰጡት ልጅ መጀመሪያውኑ በሩን አያልፍም።

ጠመኔ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈረቃ አለን፣ ቅዳሜውን እንተወዋለን። የጠዋቶቹ 6:00 ላይ ይወጣሉ፤ ምሳ ሳይበሉ 40 ደቂቃ ይቀመጣሉ?

ፊደል ቆጣሪ
አይቀመጡም። ለጠዋቶቹ ከመግባታቸው በፊት አድርጉት፤ ወይም ከደብተሩ ገንዘብ ቀንሳችሁ ዳቦ ግዙ።