ቤት ለሚማር ልጅ የኦንላይን ሒሳብ አስጠኚ ስትመርጡ ምን ላይ ነው የምታዩት?

እናትም_መምህርም፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ ልምድ ያላችሁ አንድ በሉኝ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ቤት ነው የማስተምረው፣ ማንበብና መጻፍ ላይ ተመስገን ችግር የለብንም፣ ሳይንሱንም አብረን እያነበብን እንወጣዋለን፣ ሒሳብ ላይ ግን ክፍልፋይ ከጀመርን ወዲህ እኔና እሱ በየቀኑ መኳረፍ ሆነ ስራችን። እኔ በተማርኩበት መንገድ አሳየዋለሁ፣ እሱ "ለምን?" ይላል፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውማ! ስለዚህ ኦንላይን አስጠኚ ያዝኩለት። ሰውየው በሒሳብ ዲግሪ አለው፣ ትሁት ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ እንከን አይወጣለትም። ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ተማሩ። ከጎን ሆኜ ስሰማ ያብራራል፣ "ገባህ?" ይላል፣ ልጄ "አዎ" ይላል፣ ይቀጥላሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ስራዬን እሰራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ገልጬ ሳይ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጽፏል። ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደምሮ! አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ ገጹ በሙሉ እንደዛ ነው። ለአስተማሪህ አሳይተኸዋል ወይ ስለው "እሱ እኮ ደብተሬን አያየውም" አለኝ። ለካ ካሜራው የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሰውየው የልጄን ጭንቅላት ሲወዛወዝ ነው ያየው።

አሁን ሌላ ልፈልግ ነው። ዲግሪ ልይ? ልምድ? ወይስ ጭራሽ ለዚህ ዕድሜ ኦንላይን አይሆንም?

የሦስት_ልጆች_አባት፦
እህቴ እኔም ቤት የሆነው ይኸው ነው፣ አታፍሪ። አስጠኚ ከመቀየርሽ በፊት ካሜራውን ቀይሪ። እኛ ያደረግነው ምን መሰለሽ፣ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቆለልን፣ ስልኩን ጫፉ ላይ ካሜራው ወደ ታች ደብተሩን እንዲያይ አድርገን አስቀመጥነው፣ እንዳይወድቅ ከላዩ ሌላ መጽሐፍ ጫንበት። ከዛ በኮምፒውተሩም በስልኩም በአንድ ላይ ዙም (የቪዲዮ ጥሪው) ውስጥ ይገባል፣ አስተማሪው ፊቱንም እጁንም ያያል። የስልኩን ድምፅ ዝጊው፣ አለበለዚያ ቤቱ ሁሉ ያስተጋባል (ከልምድ ነው)። በማውዝ ስክሪን ላይ መጻፍ ግን አይሞከር፣ ልጁ አንድ 7 ለመጻፍ ደቂቃ ሲፈጅ ሒሳቡን ይረሳዋል። የዙም ነፃው 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ እኔ ግን በዛ ቅር አላለኝም፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ የኔ ልጅ ጣራ ነው የሚያየው።

አስጠኚ_ነኝ፦
እኔ ስራዬ ይሄው ማስጠናት ስለሆነ በኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ዲግሪ መጥፎ አይደለም ግን ለ10 ዓመት ልጅ ክፍልፋይ ለማስተማር ከፍተኛ ሒሳብ ማወቁ ብዙም አይጠቅምሽም፣ የሚጠቅምሽ ልጁ የተሳሳተበትን ሐሳብ ማየት የሚችል ሰው ነው። ልጅሽ የጻፈው 2/5 ዝም ብሎ ስህተት አይደለም፣ ቁጥሮቹን እንደ አራት የተለያዩ ቁጥሮች ነው ያያቸው፣ 1 2 1 3። ለሱ 1/2 ገና አንድ ቁጥር አልሆነም። እንደዚህ የሚያስብ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ 1/8 ከ1/6 ይበልጣል ይላል፣ 8 ከ6 ስለሚበልጥ። ጠይቂውና እዪው።

ስለዚህ አስጠኚ ስትፈትኚ ይሄንኑ ገጽ ላኪለትና በሙከራ ትምህርቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቺ። "ተሳስተሃል፣ መጀመሪያ ታህቱን ማመሳሰል አለብህ" ብሎ ሕጉን ወዲያው ካወራ አመስግነሽ ሸኚው፣ ሕጉን መጽሐፉም ይነግረዋል። "2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" ብሎ ጠይቆ ዝም ካለ ግን ያዢው! ምክንያቱም 2/5 ከግማሽ ያንሳል፣ ልጁ ግማሽ ላይ ጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ አገኘ ማለት ነው። ያንን ራሱ ሲያየው ነው ነገሩ የሚያስደነግጠው።

ሌላው፣ "ገባህ?" ለሚል አስተማሪ ሁሉ የልጅ መልሱ አዎ ነው። "እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ" ነው መባል ያለበት፣ መልሱ ትክክል ሲሆንም ጭምር። በሰዓቱ ውስጥ ማን ነው ብዙ የሚያወራው የሚለውን ቁጠሪ። ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ከምታደርጊው ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን ይሻላል፣ ሳምንት ሙሉ ሲቆይ ግማሹ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ነፃውን_ሞክሩ፦
ሰው ሁሉ አስጠኚ አስጠኚ ይላል፣ ኻን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ በነፃ ቁጭ ብሎ። መሥራቹ ሳልማን ኻን ራሱ በ2004 የአጎቱን ልጅ ከርቀት ሒሳብ ሲያስጠና ነው ነገሩ የተጀመረው፣ አሁን ቪዲዮውም መልመጃውም በነፃ ነው። የኔ ሴት ልጅ በሱ ብቻ ነው ክፍልፋይን የጨረሰችው። ገንዘባችሁን ለምን ትበትናላችሁ?

አስጠኚ_ነኝ፦
@ነፃውን_ሞክሩ እኔም ለተማሪዎቼ መልመጃውን እሰጣለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ቪዲዮ ልጁ እየተሳሳተ እንደሆነ አይቶ ቆም አይልም፣ ያንቺ ልጅ ሲያቅታት መልሳ የምታይ ዓይነት ከሆነች እድለኛ ነሽ። በ1984 ብሉም የሚባል ተመራማሪ አስጠኚ ለብቻው የሚያስጠናው መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጽፎ ነበር፣ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ያገኙት ውጤት ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ያንን ቁጥር ይዞ የሚያስተዋውቅ አስጠኚ ካያችሁ ተጠንቀቁ 😄 ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እዛ ጥናት ላይ ልጆቹ አንዱን ሳይችሉ ወደ ቀጣዩ አይሄዱም ነበር። ቤት የሚማር ልጅ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ አይደል? "ምዕራፉ አለቀ" ብሎ የሚያቻኩለው የለም። አስጠኚው የራሱን ምዕራፍ ተከትሎ ከሮጠ እቤት ማስተማራችሁ ምን ፈየደ።

ዝምታ_ወርቅ_ነው፦
ስለ ትምህርቱ ብላችሁታል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ። በር ክፍት፣ ያለ ሄድፎን፣ አካውንቱ በእናት ስም፣ ቀጠሮና መልእክት ሁሉ በእናት በኩል። ይሄን ሲሰማ ቅር የሚለው አስጠኚ ካለ ጥያቄው እዛው ያልቃል።

እናትም_መምህርም፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! ተመልሼ የመጣሁት ውጤቱን ልነግራችሁ ነው። 1/8 እና 1/6ን ጠየቅኩት፣ "1/8 ነዋ" አለ ያለምንም ማመንታት 🤦 ሁለት ሰው ሞከርኩ። አንደኛው ብዙ ልምድ ያለው ነው፣ ገጹን እንዳየ ሕጉን ማብራራት ጀመረ፣ 25 ደቂቃ አብራራ፣ ጎበዝ ነው፣ እኔ ራሴ ገባኝ፣ ልጄ ግን ከእርሳሱ ጋር ይጫወት ነበር።

ሁለተኛዋ ገና ልጅ ነገር ናት፣ ተማሪ ናት። "2/5 ከግማሽ ይበልጣል?" አለችውና ዝም አለች። እሱም ዝም። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ መልሱን ልጮህ ምንም አልቀረኝም፣ ዝምታው አላልቅ ሲል ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ሁሉ መስሎኝ ነበር። በኋላ "ቆይ... ቆይ ቆይ" ሲል ሰማሁት። ከዛ ወረቀት አስመጣችው፣ በአንድ በኩል ለሁለት አሳጠፈችው፣ በሌላው በኩል ለሦስት፣ ሲዘረጋው 6 ቤት ሆነ። ግማሹን ቀባ፣ 3 ቤት። ከቀረው ላይ ሲሶውን ቀባ ስትለው "የቀረውን ሲሶ ነው ወይስ የሁሉንም?" ብሎ ጠየቃት! እሷም "ጥሩ ጥያቄ፣ እኔ ነኝ አሳስቼ የተናገርኩት፣ የሁሉንም" አለችው። 2 ቤት ጨመረ፣ 5 ከ6። ወረቀቱን ካሜራው ስር ይዞ ሲያሳያት ማየት ነበረባችሁ። እሷን ያዝኳት፣ በሳምንት ሁለት ቀን።

አሁን የቀረኝ የማባዣ ሰንጠረዥ ነው፣ 7 ሲባዛ 8 ላይ በጣቱ ይቆጥራል፣ ክፍልፋዩም በዛ ምክንያት ይጎተታል። ይሄንንም ለሷ ልስጣት?

የሦስት_ልጆች_አባት፦
አይ ለዛ አትክፈዪ፣ አምስት አምስት ደቂቃ በየቀኑ ካንቺ ጋር ይበቃል። እኔ ለልጆቼ ያደረግኩት መቁጠር ነው። ከ2 እስከ 9 ያለው ሰንጠረዥ 64 ጥያቄ ነው። 3 ሲባዛ 7 እና 7 ሲባዛ 3 አንድ መሆናቸው ከገባው 36 ይሆናል። የ2 እና የ5ን ማንም ልጅ ያውቀዋል፣ እነሱን አውጪ፣ 21 ቀረ። 21 ካርድ ቆርጠሽ የቻለውን እያወጣሽ ክምሩ ሲያንስ ይየው።

እናትም_መምህርም፦
21 ብቻ?? አሁኑኑ ነገርኩት፣ "ታዲያ እስከዛሬ ለምን 100 ነው ያልሽኝ" ብሎ ተቆጣኝ 😂 ካርዱን ራሱ እየቆረጠ ነው።