በደም ምርመራ ጥቂት የወባ ተህዋስ ታይቶ ሕመሙ የሚጠናው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
በሰፈራችን ውኃ በበርሜልና በሮቶ ስለሚጠራቀም፣ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ከመጣች ወዲህ በበጋም ወባ አልተለየንም። በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት ታመመ። በማይክሮስኮፕ የታየው ጥገኛ ተህዋስ ጥቂት እንደሆነ ተነግሮን ሳለ እርሱ ራሱን እስከ መሳት ደረሰ። በማግስቱ ደግሞ መድኃኒት ጀምሮም ቁጥሩ ጨምሮ ተገኘ፤ እጅግ ደነገጥን። አሁን ድኗል፤ ይሁንና ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ቢኖር ደስ ይለኛል።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ)
እንኳን ተሻለው። ከጣት በተወሰደ ደም የምናየው በዝውውር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ፋልሲፓረም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ገደማ የቀለበት መልክ ይዞ ከደሙ ጋር ይዘዋወራል፤ ስላይድ (ደሙ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት መስታወት) ላይ የምናገኘውም በዚህ ዕድሜው ነው። ከዚያ በኋላ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ሴሉ ሽፋን እየላከ ጥቃቅን ጉብታዎችን ያበቅላል፤ በእነዚህ ጉብታዎች ላይ የሚቀመጠው ፒኤፍኢኤምፒ1 የተባለ ፕሮቲንም ሴሉን ከቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ጤነኛ ቀይ ሴል እንደ ልብ እየተጣጠፈ በጣፊያ ውስጥ ሲያልፍ፣ ተህዋስ ያደገበት ሴል ግን ግትር ስለሚሆን ጣፊያ ያስቀረዋል፤ ተህዋሱ በደም ሥር ላይ መጣበቁ ከዚህ ያድነዋል። ስለዚህ ጥቂት ቀለበቶች በታዩበት ሰዓት ብዙኃኑ የአንጎልን ደም ሥር እያጠበቡ ሊሆን ይችላል፤ ራስን መሳትም ከዚህ ይመጣል።

የማግስቱ ጭማሪም ከዚሁ የተያያዘ ነው። ተህዋሱ በ48 ሰዓት ውስጥ ሄሞግሎቢኑን እየበላ ይባዛል፤ ሴሉ ሲፈነዳም ከ16 እስከ 32 የሚደርሱ አዳዲስ ተህዋሳት ይወጣሉ። ተጣብቀው የነበሩት ሴሎች ሲፈነዱ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ እኛን የሚያሳስበን በሦስተኛው ቀንም ካልጠፋ ነው።

መልስ (ሐረር)
ባለሙያው ያሉት ስለ ፋልሲፓረም ነው። ሌላው የወባ ዓይነት ቫይቫክስ የሚመርጠው ገና ከመቅኒ የወጡትን ወጣት ቀይ ሴሎች ሲሆን፣ እነዚህ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ስለሆኑ በስላይድ ላይ ሁልጊዜም ጥቂት ነው። ሆኖም ጥቂት ስለታየ ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት በኢንዶኔዥያ ፓፑዋ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ጣፊያ ውስጥ ብዙ ቫይቫክስ ተከማችቶ ተገኝቷል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሦስተኛው ቀን ምርመራ ምንም አልታየበትም ነበር።