«መውረጃ የሌለው ስብከት» ላላችሁት

የዘጌ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ቅዳሜ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የመጣችውን ጀልባ አንስቶ «ልጄ ተገኘልኝ» እያሉ ሲያወሩ የመጡትን እናት «መውረጃ የሌለው ስብከት» ብሎ ጻፈባቸው። ስንቱ ሳቀበት! እኔ እዚያው ጀልባ ላይ ነበርኩ፣ ከጌሾው እስር አጠገብ። እናትየው ማይክ አልያዙም፣ ብርም አልሰበሰቡም። በበረሃ የሄደ ልጃቸው ድምፁ ጠፍቶ ከርሞ፣ የዘጌዋን ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተስለው፣ ሐሙስ ማታ ደወለላቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ቆሎውን በእፍኝ በእፍኝ እያደሉ «ሰምታኛለች፣ እናንተም ለምኗት» አሉ። ይሄ ነው ጥፋታቸው? ልጁ ሞቶ ቢሆን መንደሩን በጩኸት ቢያናውጡት ማን ዝም በሉ ይላቸው ነበር? እግዚአብሔር ሲሰማ ነው እንዴ ድምፅ የሚቀነሰው?

ጣና ዳር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውምም። ደስታቸውን አልነካሁም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ «አንቺስ የሄደ ሰው የለሽም? ለምነሻል?» አሏት። ዝም ስትል ደገሙላት። ዘጌ ሳሉ ኪዳነ ምሕረትን ለመኑ፣ ባሕር ዳር እስክንደርስ ግን ልጅቷን ጠየቁ። የልጅቷ ወንድም በዚያው መንገድ ሄዶ ቀርቷል። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ገበያ ቢሆን ተነስታ ትሄድ ነበር፣ ሐይቅ መሃል ወዴት ትሂድ? ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዘግተህ ጸልይ» ያለውን ደግሞ አትርሱ።

ዘሽምብጥ፦ የጠቀስከው ማቴዎስ 6 ሰው እንዲያያቸው በየማዕዘኑ ቆመው ስለሚጸልዩት ነው። ልመናው በስውር ይሁን እሺ፣ ምስጋናውም በስውር ይሁን ያለው የት ላይ ነው? ሉቃስ 17 ላይ ከዐሥሩ ለምጻሞች የተመሰገነው በታላቅ ድምፅ እያመሰገነ የተመለሰው አንዱ ነው። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ነው የተባለው። ወንድሜ፣ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ስለት ሲነበብ ቆመህ አታውቅም? ጃንጥላ የተሳለችው ሴት «ልጅ ሰጥቶኛል» ስትል ዐውደ ምሕረቱ በእልልታ ይሞላል። እዚያው መሃል ልጅ ያጣች ሴት አለች። ለእሷ ብለን እልልታውን እናስቀረው?

ጣና ዳር፦ ያቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን የመጣችው ወዳ ነው። ጀልባ የተሳፈረችው ግን ሎሚ ልትሸጥ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ቤዛዊት፦ መውረጃ የለውም ላልከው፣ ሐዋርያት ሥራ 27ን ክፈት። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲሄድ መርከቡ በማዕበል ተያዘ። 276 ነፍስ ነበረበት። መሃላቸው ቆሞ መልአኩ የነገረውን ነገራቸው፣ ኋላም በሁሉ ፊት አመስግኖ እንጀራ ቆርሶ በላ። ከ276ቱ የት ይወርድ ነበር? ምዕራፍ 16 ላይም ከሲላስ ጋር በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ እስረኞቹ ያደምጡ ነበር። ወህኒ ቤት መውጫ አለው እንዴ? እኛ ጸሎታችን ሲመለስ የምንመሰክረው ደስታው አልያዝ ብሎን ነው። አንዴ ተናግረን የምንተወው ከሆነማ አላመንነውም ማለት ነው።

ጣና ዳር፦ ጳውሎስ «ከእናንተ አንድ ነፍስ እንኳ አይጠፋም» አላቸው። የምሥራቹ የራሳቸው ነበር። ያቺ ልጅ ከቆሎው ሌላ ምን ደረሳት?

ዘሽምብጥ፦ ጦቢት 12 ላይ የንጉሥ ምሥጢር ይሰወራል፣ የእግዚአብሔር ሥራ ግን በክብር ይገለጣል ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ የለም።

ቤዛዊት፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኛ ፕሮቴስታንቶች ጋ ግን መጽሐፉ የለም።

ዘሽምብጥ፦ እናንተ ጋ የጎደለው ጦቢት ብቻ ነው? የእኛ የኦርቶዶክሶች መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው። 66 ይዛችሁ ነው ስለ ምስክርነት የምታስተምሩን?

ቤዛዊት፦ እኔ እኮ እየደገፍኩህ ነበር!

የግሩፑ አስተዳዳሪ፦ ስለ ቀኖና ሌላ ቀን። በዚህ ከቀጠለ እዘጋዋለሁ።

ሰው ነኝ፦ ልጁ የደወለው ኔትወርክ ስላገኘ ነው። ተአምር አታድርጉት።

የዘጌ ልጅ፦ ኔትወርክ የሚያገኘው ብዙ ነው፣ እናቱን እንዲያስታውስ ያደረገው ግን እግዚአብሔር ነው። ለወራት በየቀኑ የለመነች እናት ስልኩ ሲጮህ ማንን እንድታመሰግን ነው የምትፈልገው፣ ቴሌን?

ባለጀልባ፦ እኔ አልከለክልም፣ ሲያወሩ መንገዱም ያጥራል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ቆማችሁ አትመስክሩ። በእልልታ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲነሳ ጀልባ ያጋድላል። ተቀምጦም ይመሰከራል።

የቀበሌ 10 ነዋሪ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። ቆሏቸውን በልቼ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ፣ የእናት ደስታ ነው። የሚከብደኝ ሌላ ጊዜ ሌላው ሰው «አንተስ መቼ ነው የምትድነው?» እያለ እስክወርድ የሚይዘኝ ነው።

ጣና ዳር፦ ይኸው! «እስክወርድ» አለ። መውረጃ ማለት ይሄ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ እሱ ቆሎውን በልቶ አመሰገነ፣ አንተ የያዝከው ሌላውን ሰው ነው። እናትየውን ከዚያ ጋር አትደምራቸው።

እናት ዓለም፦ እኔ ስለ ባሌ ኩላሊት ለምኜ አልተመለሰልኝም፣ ቀበርኩት። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው። እንዲያም ሆኖ የሌላው ተሰማ ሲባል ደስ ይለኛል፣ እግዚአብሔር ከዚህ አገር እንዳልራቀ የማውቀው በዚያ ነው። ያን ቀን ብኖር ልጅቷን አቅፌ እቀመጥ ነበር፣ እናትየውንም ያውሩ እል ነበር። ሮሜ 12 ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፣ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ ነው የሚለው። እናንተ እኩል እኩል ተካፍላችሁት ትጣላላችሁ።

የዘጌ ልጅ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ግን ማልቀሱን እኔ አልከለከልኩም። ዝም በሉ ያለው እሱ ነው።

ጣና ዳር፦ ዝም በሉ አላልኩም! «አንቺስ ለምነሻል?» አይባልም ነው ያልኩት። ያልተገኘ ሁሉ ያልተለመነለት ነው ማለት ነው?

ቤዛዊት፦ ማንም እንደዚያ አላለም። ሉቃስ 18 ላይ ያቺ መበለት ዳኛውን ሳትታክት ስትነዘንዝ ነው የተፈረደላት። እናትየውም ልጅቷን በርቺ ማለታቸው ነው።

ጣና ዳር፦ መበለቲቱ የነዘነዘችው ዳኛውን ነው፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን አይደለም።

ዘሽምብጥ፦ 276ቱስ?

ጣና ዳር፦ 276ቱን ተዋቸውና ስለ አንዷ መልስልኝ።