ክርክር፦ የችርቻሮ ሠራተኞች ሳምንታዊ ገቢ የኢኮኖሚውን አካሄድ ያሳያል ወይ?

ሄኖክ፦ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የችርቻሮ ንግድ ሠራተኞችን አማካይ ሳምንታዊ ገቢ በየወሩ ያወጣል። እኔ ይህ ቁጥር ይታመናል ባይ ነኝ። ሳምንታዊ ገቢ የሰዓት ክፍያ በሳምንቱ የሥራ ሰዓት ሲባዛ ነው። ገበያ የቀዘቀዘበት ሱቅ ብዙ ጊዜ ሰው ከመቀነሱ በፊት ፈረቃ ያሳጥራል። ክፍያው በሰዓት 20 ዶላር፣ ሰዓቱ 30 ከሆነ ገቢው 600 ነው። በቀጣዩ ወር ክፍያው 20.10፣ ሰዓቱ 29.7 ቢሆን 596.97 ይሆናል። የሰዓት ክፍያውን ብቻ ያየ «ደመወዝ አደገ» ይላል፤ ሠራተኛው ግን 3 ዶላር ጎድሎበታል።

ቤተልሔም፦ ስሌትህ ልክ ነው፤ አማካይ መሆኑ ነው ችግሩ። 100 ሠራተኞችን ውሰድ። 60ዎቹ በ25 ዶላር 40 ሰዓት ሠርተው 1,000 ያገኛሉ፤ 40ዎቹ በ15 ዶላር 20 ሰዓት ሠርተው 300። አማካዩ 720 ነው። ከዝቅተኛ ተከፋዮቹ 20ዎቹ ቢቀነሱ አማካዩ 825 ይገባል። ለማንም አንድ ሳንቲም ሳይጨመር፣ 20 ሰው ሥራ አጥቶ፣ ቁጥሩ በ14.6 በመቶ ዘለለ! ይህ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2020 በወረርሽኙ ዝቅተኛ ተከፋዮች በብዛት ከሥራ ሲወጡ፣ የመላው የግል ዘርፍ አማካይ የሰዓት ክፍያ በአንድ ወር 1.34 ዶላር ጨምሮ 30.01 ሆነ ተብሎ ወጣ። ሥራ በገፍ እየጠፋ ያደገ መለኪያ ምን ይለካል?

ዮናስ፦ በመካከል ልግባ፤ ቁጥሩ ምን እንደያዘ ሳንለይ መከራከር አይጠቅምም። መረጃው የሚመጣው ከድርጅቶች የደመወዝ መዝገብ ነው፤ የወሩን 12ኛ ቀን ከያዘው የክፍያ ጊዜ። ግብር ያልተቆረጠበት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባል፣ አልፎ አልፎ የሚሰጥ ቦነስ አይገባም። የሚቆጠረው ደግሞ ሥራው እንጂ ሰውዬው አይደለም፦ በሁለት ሱቆች 20፣ 20 ሰዓት የሚሠራ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ 600 ዶላርን የአንድ ሰው የሳምንት መተዳደሪያ አድርጋችሁ አታንብቡት።

ሄኖክ፦ ኤፕሪል 2020ን እቀበላለሁ፤ ያኔ ቁጥሩ አሳስቷል። ግን ቤቲ፣ መድኃኒቱ በራስሽ ምሳሌ ውስጥ አለ። ሳምንታዊ ገቢውን በሠራተኛው ብዛት አባዢው፦ ቀድሞ 72,000 የነበረው 66,000 ሆነ፤ የ8.3 በመቶ ውድቀት ወዲያው ታየ። ሰዓቱንም አትናቂው። በአሜሪካ ችርቻሮ ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን ሠራተኛ አለ። ከእያንዳንዱ በሳምንት 6 ደቂቃ፣ ማለትም 0.1 ሰዓት ሲቀነስ 1.5 ሚሊዮን ሰዓት ነው፤ ለ30 ሲካፈል 50,000 ሥራ የጠፋ ያህል። ይህ በሠራተኛ ቆጠራው ላይ አይታይም።

ቤተልሔም፦ እንግዲያስ የምትከላከለው ጠቅላላ የደመወዝ ወጪን ነው እንጂ አማካዩን አይደለም፤ በዚያ እስማማለሁ። በ0.1ዋ ግን ተጠንቀቅ። ሰዓቱ የሚታተመው በአንድ አሥርዮሽ ነው። 29.96 ወደ 30.0፣ 29.94 ወደ 29.9 ይጠጋጋል፤ የ0.02 ልዩነት በወረቀት ላይ 0.1 ይሆንና በ20 ዶላር ሂሳብ ሳምንታዊ ገቢውን 2 ዶላር ያወርደዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው አኃዝ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ይከለሳል። የደመወዝ ጭማሪን ለማየት የሥራ ዓይነቱን ድርሻ ሳይቀይር የሚለካው የቅጥር ወጪ ጠቋሚ ይሻላል።

ሄኖክ፦ እሱ የሚወጣው በየሩብ ዓመቱ ነው፤ ለአቅጣጫ ለውጥ ይዘገያል። ለማጠጋጋቱ የሦስት ወር አማካይ ይበቃል፦ ሰዓቱ 30.1፣ 30.0፣ 29.8 እያለ ከወረደ ማጠጋጋት ብቻውን አያመጣውም።

ዮናስ፦ የሦስት ወሩን አማካይ ከወቅት በተስተካከለው፣ ማለትም በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት የሚደጋገመው ውጣ ውረድ በተነሳለት አኃዝ ብቻ አስላው። ባልተስተካከለው ከሠራኸው የኖቬምበርና የዲሴምበር ጊዜያዊ ቅጥር ያዛባዋል፤ በቤተልሔም ምሳሌ 40 ጊዜያዊ ሠራተኞች በ300 ዶላር ቢጨመሩ 720 የነበረው አማካይ 600 ይወርዳል፣ ያውም ሱቁ በገዢ ተጨናንቆ። ከዋጋ ንረት ጋር ማነጻጸሩንም አትርሳ፤ ገቢው በዓመት 3 በመቶ አድጎ ዋጋ 4 በመቶ ከጨመረ የመግዛት አቅሙ ቀንሷል።